ከወደቀው ጋራ መሣቅ

ሣቅ ከእግዚአብሔር ለሰው ልጅ ከተሰጡት ጠባዮች አንዱ እንደ ኾነ የሚክድ የለም። ጠቢቡ ሰሎሞንም ለልቅሶ ጊዜ እንዳለው ኹሉ ለሣቅም ጊዜ እንዳለው አስተምሯል። ነገር ግን ሣቅ ኹሉ አንድ ዐይነት አይደለም። የወደቀውን ሰው ከላይ ኾነው ቍልቍል እያዩ የሚሥቁት ሣቅ አለ፤ ከወደቀው አጠገብ ተቀምጠው፣ «እኛም እንዲሁ ነን» እያሉ የሚሥቁት ሣቅም አለ። የፊተኛው ስላቅ ይባላል፤ ልብን ያደነድናል። የኋለኛው ግን ልብን ያለሰልሳል፤ ለምሕረትም ያዘጋጃል። ልጆች በቤታቸው የትኛውን ሣቅ እየተማሩ እንዳደጉ መመርመር የወላጅ ተግባር ስለ ኾነ፣ በዚህ ጽሑፍ ከእጃቸው ስለማይለዩት ስለ ጋዜጣ የሥዕል ወጎች ጥቂት ለመናገር ወደድን።

የሥዕል ወግ ማለታችን በጋዜጣ ገጽ ላይ በሦስት ወይም በአራት ትናንሽ ክፍሎች ተከፍሎ የሚሣለው፣ የሰዎቹም ንግግር ከራሳቸው በላይ በአረፋ መሳይ ክብ ውስጥ የሚጻፍበት፣ ብዙ ሰው ካርቱን ወይም ኮሚክ ብሎ የሚጠራው ነው። በአሜሪካ ከ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ጀምሮ የኒው ዮርክ ትልልቅ ጋዜጦች ገዥ ለማብዛት ሲሉ በእሑድ ዕትማቸው በቀለም ያወጡት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ከተሞችና ወደ ሌሎች አገሮች ተስፋፋ። ዛሬ የታተመ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ቢያንስም፣ የቀድሞዎቹ ወጎች በመጽሐፍ ተሰብስበው በየቤተ መጻሕፍቱ ይገኛሉ። ከአገራችን ርቀን በአሜሪካ የምንኖር ወላጆችም፣ ልጆቻችን እነዚህን መጻሕፍት ታቅፈው ወደ ቤት ሲገቡ ዘወትር እናያለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መኾናቸውን አንባቢው ልብ ይበል።

አንዳንድ ወላጆች፣ «ይህ ጊዜ ማባከኛ ነው፤ ልጅን ከትምህርቱ ያዘናጋል» ይላሉ። ስጋታቸው ከንቱ ነው አንልም። ኾኖም ታሪክን በተርታ ሥዕል መንገር ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ፊደል ያልቈጠረው ምእመን የቅዱሳንን ገድል በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በሥዕል ሲያነብ ኖሯል። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክም፣ ብዙ ጊዜ 44 ክፍሎች ባሉት አንድ ሸራ ላይ፣ በረድፍ በረድፍ ተሥሎ በየቤቱ ተሰቅሎ ይታያል። ቅዱስ ሥዕልና የጋዜጣ ሥዕል በክብር ይተካከላሉ ማለታችን አይደለም፤ ያኛው በፊቱ ቆመን የምንጸልይበት፣ ይኸኛው ተቀምጠን የምንሥቅበት ነው። ነገር ግን ነቢዩ ናታን ስለ ድኻው ሰው አንዲት በግ ምሳሌ በነገረው ጊዜ፣ ንጉሥ ዳዊት በምሳሌው ውስጥ ራሱን እንዳገኘ እናውቃለን። ትንሽ ወግ ትልቅ እውነት ሊሸከም ይችላል። እንግዲህ ጥያቄው፣ የትኛው ወግ ምን ያህል ይሸከማል የሚለው ነው።

ለዚህ ምርመራ ከብዙዎቹ መካከል በጥልቀታቸው የተመሰገኑ ሦስት ወጎችን መርጠናል። መለኪያችንም አንድ ነው፤ ይኸውም፣ ወጉ ስንሥቅ የት ያስቀምጠናል? ከወደቀው በላይ ወይስ ከወደቀው ጐን?

ከሦስቱ በዕድሜ የሚቀድመው «ጋሶሊን አሌይ» የሚባለው ነው። ሠዓሊው ፍራንክ ኪንግ ሲኾን፣ መውጣት የጀመረውም በ1918 ዓ.ም. በቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ ላይ ነበር። መጀመሪያ ወጉ ኹሉ መኪናቸውን ሲጠጋግኑ ስለሚውሉ ጐረቤታሞች ነበር። የጋዜጣው ኀላፊ ግን፣ የመኪና ወሬ ሴቶች አንባብያንን አይስብምና ሕፃን ይግባበት ብሎ አሳሰበ። ዋናው ሰው ዋልት ሚስት ያላገባ ወንደላጤ ስለ ነበረ፣ በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1921 ዓ.ም. ከደጁ ላይ የተጣለ ሕፃን እንዲያገኝ ተደረገ። ገበያ ለማስፋት የገባው ሕፃን ግን የወጉን መንፈስ ፈጽሞ ለወጠው። ስኪዚክስ የተባለው ይህ ልጅ፣ በጋዜጣው ላይ እንደ ማንኛውም ልጅ ከዓመት ወደ ዓመት ያድግ ጀመር። ዳዴ አለ፤ ትምህርት ቤት ገባ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ኾነ፤ አግብቶም ልጅ ወለደ። በዚያን ዘመን የሌሎቹ ወጎች ሰዎች ዕድሜያቸው ከቶ አይጨምርም ነበር።

የ«ጋሶሊን አሌይ» ጥልቀት ከዚህ ላይ ነው። በብዙዎቹ ቀኖች የሚያስደንቅ ነገር አይደረግበትም። ወፍራሙ ዋልት የማደጎ ልጁን ይዞ የመጸው ቅጠል በረገፈበት መንገድ ላይ ይንሸራሸራል፤ ልጁ ይጠይቃል፤ እርሱ ይመልሳል። ይህን ስናይ የራሳችን ቤት ትዝ ይለናል። ልጅ ሲያድግ ወላጁ አያየውም፤ ልብሱ ሲያጥርበት ነው የሚያውቀው። ከአብራኩ ያልወጣውን ልጅ እንደ ልጁ ማሳደግም በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የከበረ ሥራ ነው። ነገር ግን ወጉ ነውር አልነበረበትም አንልም። በዋልት ቤት የምትሠራው ጥቍር ሴት፣ የዘመኑ ሠዓሊዎች ጥቍር ሰውን በሚሥሉበት መልክን በሚያበላሽ ልማድ ትሣል ነበር። በሌሎች የዚያ ዘመን ወጎችም ጥቍሩና ከውጭ አገር የመጣው ድኻ ዘወትር መሣቂያ ነበሩ። ይህ ከላይ ወደ ታች የሚሣቅ ሣቅ ነውና፣ መልካሙን ስናመሰግን ክፉውን መሸፈን አይገባንም።

ሁለተኛው «ፒነትስ» የሚባለው፣ ቻርሊ ብራውን የተባለ ልጅና ስኑፒ የተባለ ውሻው የሚገኙበት ነው። ሠዓሊው ቻርልስ ሹልዝ በሚኒሶታ የአንድ ጠጕር አስተካካይ ልጅ ነበር። እናቱ በ1943 ዓ.ም.፣ እርሱ ለውትድርና በተጠራበት ሰሞን፣ በካንሰር ሞተችበት። ወጉ በኦክቶበር 2 ቀን 1950 ዓ.ም. በሰባት ጋዜጦች ብቻ ላይ ተጀመረ፤ በኋላ ግን ከ2,000 በሚበልጡ ጋዜጦች ላይ ወጣ። ሹልዝ ለ50 ዓመት ያህል ሥዕሉንም ጽሕፈቱንም ያለ ረዳት በገዛ እጁ ሠራ፤ ቍጥሩም 17,897 ደረሰ። የመጨረሻው ሥዕል ፌብሩዋሪ 13 ቀን 2000 ዓ.ም. እሑድ ታትሞ ሲወጣ፣ እርሱ በዋዜማው ሌሊት ዐርፎ ነበር። በየቀኑ ትንሽ ነገርን በታማኝነት መሥራት ምን ያህል እንደሚከማች ከዚህ መማር ይቻላል።

በዚህ ወግ ውስጥ ድል የለም ማለት ይቻላል። የቻርሊ ብራውን የጨዋታ ቡድን ይሸነፋል፤ ዝናም ጥሎ ጓደኞቹ ኹሉ ወደየቤታቸው ሲገቡ፣ እርሱ ብቻውን በሜዳው መካከል ቆሞ ይቀራል። የሚያበርረው የወረቀት ካይት ከዛፍ ላይ ይሰቀላል። ከኹሉ የታወቀው ግን የኳሱ ነገር ነው። ሉሲ የተባለችው ልጅ በየዓመቱ መጸው ሲመጣ ኳሱን በእጅዋ ይዛ፣ «ሮጠህ ምታ» ትለዋለች። እርሱም ያመነታል፤ በመጨረሻ ያምናትና ይሮጣል፤ ሊመታ ሲል ኳሱን ታነሣበታለች፤ በጀርባውም ይወድቃል። ይህ ነገር ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሊባል በሚቻል አኳኋን ሲደጋገም ኖሯል። በ1999 ዓ.ም. በወጣው በመጨረሻው ግን፣ ሉሲን እናትዋ ስለ ጠራቻት ኳሱን ለታናሽ ወንድምዋ ሰጥታ ሄደች። ስትመለስም ወንድምዋ ቻርሊ ብራውን ኳሱን ይምታው ወይም አይምታው አልነግርሽም አላት። ለአንባቢውም አልተነገረም።

ስለዚህ ወግ በቤታችን የኾነውን አንድ ነገር እንናገር። ዘጠኝ ዓመት የኾነው ልጃችን በአንድ የገና በዓል በጉባኤ ፊት ቆሞ ያጠናውን ሊያሰማ ሲጀምር፣ ቃሉ ከመካከል ጠፋበት። ከተሰበሰቡት ልጆች ጥቂቶቹ ሣቁ፤ ከዐዋቂዎችም የሣቁ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ እሑድ ወደ ሕፃናት ክፍል ለመግባት እንቢ አለ። ብንመክረውም፣ ብንለምነውም አልሰማንም። አንድ ማታ ግን ይህን መጽሐፍ ይዞ ከአያቱ አጠገብ ተቀመጠና፣ የኳሱን ነገር በሚደነቃቀፍ አማርኛው ይተረጕምላት ጀመር።

አያቱም ሰምታ፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ብላ ሣቀች። ጥቂት ቆይታ ግን፣ «ታዲያ ለከርሞ ምን ያደርጋል?» ብላ ጠየቀችው።

«ደግሞ ይሮጣል፣ እማማ።»

«እርስዋስ ደግሞ ታነሣበታለች?»

«አዎን፣ ኹልጊዜ።»

«እንግዲያስ ሞኟ እርስዋ ናት፣ ልጄ። እርሱማ ሰው ማመን አልተወም። መውደቅስ ጻድቅም ሰባት ጊዜ ይወድቃል፤ ነውሩ ተኝቶ መቅረት ነው።»

ልጁ ለጊዜው ምንም አልመለሰም። በሚቀጥለው እሑድ ግን ነጠላውን ለብሶ፣ የአያቱን እጅ ይዞ ሄደ፤ ከመዝሙረኞቹም በመጨረሻው ረድፍ ቆመ። ከዚያ ቀን በኋላ ፈሪነቱ ፈጽሞ ለቀቀው ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን እኛ በምክር ብዛት ያላነሣነውን ልጅ፣ አንድ የሥዕል ልጅና አንዲት ፊደል ያልቈጠረች እናት ተጋግዘው አነሡት። የሚሣቅበት ልጅ፣ የሚሣቅበት ጓደኛ በማግኘቱ ተጽናና። ከወደቀው ጋራ መሣቅ የምንለው ይህን ነው።

ሹልዝ ጥቍር ሰውን እንዴት እንዳስገባም መናገር ይገባል፤ ይህ በአሜሪካ ለሚያድጉ ልጆቻችን የቅርብ ጕዳይ ነውና። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በአፕሪል 4 ቀን 1968 ዓ.ም. ከተገደሉ በኋላ፣ በዚያው ወር አንዲት በሎስ አንጀለስ የምትኖር፣ መምህርት የነበረች እናት፣ በወጉ ውስጥ ጥቍር ልጅ ይጨመር ዘንድ ለሹልዝ ደብዳቤ ጻፈች። እርሱ በመጀመሪያ ዝቅ አድርጎ ማየት እንዳይመስል ፈራ። ደብዳቤ ከተለዋወጡ በኋላ ግን በጁላይ 31 ቀን 1968 ዓ.ም. ፍራንክሊን የተባለው ልጅ ታየ። አመጣጡም እጅግ ቀላል ነበር፤ በባሕር ዳር ቻርሊ ብራውን ውሃ የወሰደበትን ኳስ አውጥቶ መለሰለት፤ ከዚያም አብረው አሸዋ እየገነቡ ተጫወቱ። ስብከት አልተሰበከም፤ ማንም አልተሣቀበትም። በ«ጋሶሊን አሌይ» ቤት ትሠራ የነበረችውን ሴት መልክና ይህን ልጅ ጐን ለጐን ያስተያየ ሰው፣ ሥዕል ሊያዋርድም ሊያከብርም እንደሚችል ይረዳል።

ሦስተኛው «ካልቪንና ሆብስ» የሚባለው፣ የቢል ዋተርሰን ሥራ ነው። ከኖቬምበር 18 ቀን 1985 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 1995 ዓ.ም. ብቻ ወጣ፤ ቍጥሩም 3,160 ነው። ካልቪን የስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ ሆብስ ደግሞ የጨርቅ ነብሩ ነው። ሌላ ሰው ሲያየው ነብሩ የተሰፋ አሻንጉሊት ነው፤ ካልቪን ብቻውን ሲኾን ግን ሕይወት ያለው፣ የሚከራከርና የሚመክር ጓደኛ ይኾናል። ስሞቻቸው የተወሰዱት ከሃይማኖት መምህሩ ከጆን ካልቪንና ከፈላስፋው ከቶማስ ሆብስ ነው። ሁለቱም የሰው ባሕርይ ምን ያህል ወደ ክፋት እንደሚያዘነብል አጥብቀው የጻፉ ናቸው። ትምህርታቸው የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ባይኾንም፣ ስሙ ለዚህ ልጅ ተስማምቶታል። ካልቪን ራሱን ይወዳል፤ ይዋሻል፤ ጐረቤቱን ልጅ በበረዶ ይመታል፤ የገና ስጦታ እንዳይቀርበት ብቻ መልካም ለመኾን ይታገላል። ጭንቀቱም የንስሓ ጭንቀት ሳይኾን የዋጋ ጭንቀት ነው። ስንቶቻችን ነን በዚህ ልጅ ውስጥ ራሳችንን የማናይ?

ነገር ግን ወጉ በዚህ ብቻ አይቀርም። በ1987 ዓ.ም. በወጣ አንድ ተከታታይ ወግ፣ ካልቪን የቈሰለ የዱር እንስሳ ግልገል በመንገድ ላይ ያገኛል። እናቱን ይጠራል፤ በሣጥን ውስጥ ያስተኙታል፤ ሌሊቱን ስለ እርሱ ሲጨነቅ ያድራል። ግልገሉ ግን ይሞታል። ልጁ ትናንት ያላወቀው ፍጡር ዛሬ ስለ ሞተ ለምን ይህን ያህል እንዳዘነ ይጠይቃል፤ አባቱም ደረቱ ላይ ያስጠጋዋል። በሌላ ወግ ደግሞ ቤተ ሰቡ ከሰርግ ሲመለስ ቤቱ ተዘርፎ ያገኘዋል። ልጁ ነብሩን አቅፎ ሲተኛ፣ አባትና እናት በጨለማ ውስጥ ዐይናቸውን ከፍተው ይቀራሉ። ልጅ፣ አባቱ ኹሉን የሚያውቅ ይመስለዋል፤ አባት ግን በሌሊት የሚያስበውን ለልጁ አይነግረውም። ይህን ሥዕል ያየ ወላጅ፣ ወጉ ለልጆች ብቻ እንዳልተጻፈ ያውቃል።

ዋተርሰን ሥዕሉ በአሻንጉሊትና በልብስ ላይ እንዳይሸጥ አጥብቆ በመከልከሉም ይታወቃል። በዚህም ብዙ ገንዘብ ቀርቶበታል። ሹልዝ ግን ይህን ፈቅዷል፤ ስኑፒም በዓለም ኹሉ ተሸጧል። ሁለቱን ሰዎች በዚህ ብቻ አንዱን ጻድቅ፣ ሌላውን ኀጢአተኛ ለማድረግ አንሻም። ነገር ግን ሆብስ በየሱቁ የሚሸጥ አሻንጉሊት ቢኾን ኖሮ፣ «ሕያው ነው ወይስ ጨርቅ?» የሚለው ምሥጢር በሻጩ እጅ ተፈትቶ ይቀር ነበር። አንዳንድ ነገር ባለመሸጡ ብቻ ነፍሱ ትጠበቃለች።

እንግዲህ ሦስቱን ስናስተያያቸው እንዲህ እናገኛለን። የ«ጋሶሊን አሌይ» ልጅ ያድጋል፤ የሌሎቹ ሁለቱ አያድጉም። ፍራንክ ኪንግ፣ ፍቅር በዘመን ርዝመት እንደሚፈተን ያሳያል። ካልቪን ራሱን አብዝቶ የሚወድ ልጅ ነው፤ ፈተናው ትዕቢት ነው፤ የሚያድነውም መደነቅ ነው። በመጨረሻው ሥዕል እርሱና ነብሩ አዲስ በረዶ በሸፈነው ዓለም ውስጥ በመንሸራተቻቸው ሲወርዱ ይታያሉ፤ ዓለሙ ገና ያልተነካ ነው። ቻርሊ ብራውን ደግሞ ሌሎች አብዝተው የማይወዱት ልጅ ነው፤ ፈተናው ተስፋ መቍረጥ ነው።

ከሦስቱ ማንኛው ይጠልቃል ቢሉን፣ እኛ የሹልዝን እንመርጣለን። ምክንያቱም ይህ ነው፤ ስኪዚክስ ማደግ አለው፤ ካልቪን በዐሳቡ የሚፈጥረው ሌላ ዓለም አለው፤ ቻርሊ ብራውን ግን ከሁለቱ አንዱም የለውም። አያድግም፤ ከሜዳውም አይሸሽም። ያለው መነሣት ብቻ ነው። መጽናኛ ያለው ሰው ቢነሣ አያስደንቅም፤ መጽናኛ ሳያይ የሚነሣ ግን ለሚያዩት መጽናኛ ይኾናል።

ይኹን እንጂ ወግን ከቦታው አሳልፎ መስቀል አይገባም። በ1965 ዓ.ም. ሮበርት ሾርት የተባለ ጸሐፊ በዚህ ወግ ውስጥ የወንጌልን ትምህርት የሚፈልግ መጽሐፍ አሳትሞ ብዙ ሕዝብ አንብቦታል። እኛ ግን እስከዚያ አንሄድም። በራሱ በወጉ ውስጥ ላይነስ የሚባለው ልጅ በየዓመቱ በኦክቶበር 31 ማታ ከዱባ እርሻ ተቀምጦ፣ ስጦታ ያመጣልኛል የሚለውን ታላቅ ዱባ ይጠብቃል። ልቡ ቅን ነው፤ የሚጠብቀው ግን የለም። ቅንነት ብቻውን እምነትን እውነተኛ እንደማያደርገው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ለልጅ ማግኘት ያስቸግራል። ይኸው ላይነስ ግን በ1965 ዓ.ም. በቴሌቪዥን በታየው የገና ፊልም፣ የጌታን ልደት ከሉቃስ ወንጌል ቆሞ ያነበንባል። የፊልሙ ሠሪዎች በመዝናኛ ውስጥ ይህ እንዴት ይኾናል ብለው ሲያመነቱ፣ ሹልዝ ጸንቶ አስገባው። ስለዚህ ወጉ ራሱ ወደ ወንጌል ይጠቍማል እንጂ ወንጌልን አይተካም። ልጅም የሚጠቍመውን ጣትና የሚጠቈመውን ብርሃን እንዲለይ ማስተማር የእኛ ድርሻ ነው።

ከዚህ የተነሣ ለወላጆች የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ልጁ የሥዕል ወግ ይዞ ሲሥቅ ባየን ጊዜ፣ መጽሐፉን ነጥቀን ከማስቀመጣችን በፊት አጠገቡ እንቀመጥ። «አሳየን፤ ምን ይላል?» ብለን በአማርኛ እንዲተረጕምልን እንጠይቀው። በዚህም ቋንቋው ይሰላል፤ ከአያቶቹም ጋራ የሚነጋገርበት ነገር ያገኛል። ሣቁም ካለፈ በኋላ አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ «አሁን የሣቅኸው በማን ነው? ወይስ ከማን ጋራ ነው?» እንበለው። ወጉ የድኻውን ልብስ፣ የሰውን መልክ፣ የተንተባተበውን አንደበት የሚያሥቅበት ከኾነ፣ ልጁ ራሱ መልሱን ሲናገር ያፍርበታል። ከወደቀው ጋራ የሚያሥቅ ከኾነ ግን፣ ነገ በትምህርት ቤቱ ወይም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቃል የጠፋበትን ባልንጀራውን ሲያይ፣ ጥርሱን ከማሳየት ይልቅ እጁን ይዘረጋለታል።

የወደቀውን የሚያነሣ አምላክ፣ የልጆቻችንን ሣቅ ከስላቅ ይጠብቅልን፤ እኛንም ከወደቁት ጋራ የምንቀመጥ ያድርገን።